የዓባይ ልጅ ስንቅ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት የማያውቅ የአገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም በቀልድ እናነሣዋለን፤ በደጁ ያለውን ነገር አጥቶ ለሚንከራተት ሰው ማሾፊያ እናደርገዋለን። እኔ ግን ተረቱ በጆሮዬ ሳይሆን በጕሮሮዬ የደረሰብኝ ሰው ነኝ። የተወለድሁት በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ፥ የዓባይ ምንጭ ከሚገኝባት ከግሽ ዓባይ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ውሃ የጠማኝም በጣና ሐይቅ ላይ፥ ግልገል ዓባይ ከሐይቁ በሚገባበት ስፍራ፥ በደንገል ታንኳ ተቀምጬ ነው። በፊቴም በኋላዬም፥ በግራዬም በቀኜም ውሃ ነበረ፤ የሚጠጣ ግን አልነበረም።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ ከመናገሬ በፊት ስለ ስንቅ ጥቂት ማውራት ይኖርብኛል። ጥማቴ ከውሃ እጦት የመጣ ሳይሆን ስንቅ ካለማወቅ የመጣ ነበረና። ከገጠር ወጥታችሁ በከተማ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ተማሪዎች፥ ደመወዛችሁም ወሩ ሳያልቅ የሚያልቅባችሁ ባልንጀሮቼ የመንግሥት ሠራተኞች፥ ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም ብዬ አምናለሁ።

በስልቻ ማፈር

በ1987 ዓ.ም. መስከረም ወር ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ወደ ቡሬ መውረድ ነበረብኝ። መንገዱ የእግር ነበረ፤ ከመንደራችን ጎሕ ሲቀድ የተነሣ ሰው ቡሬ የሚገባው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እናቴ ለዚያ ጕዞ ሳምንት ሙሉ ስንቅ አዘጋጀች። ገብሱን ቆልታ፥ ፈትጋ፥ አስፈጭታ በሶ አደረገችው። እንጀራውን በሰፌድ አስጥታ ድርቆሽ አደረገችው፤ የመስከረም ፀሐይ አልታመን ቢላት ከምድጃው በላይ አንጠልጥላ በጭሱ ሙቀት ጨረሰችው። ሽሮውን፥ በርበሬውንና ጨውን ለየብቻ ቋጠረች። አባቴ «ወደ ቡሬ በርበሬ መላክ በዓባይ ላይ ውሃ መጨመር ነው» ብሎ ቀለደባት፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በበርበሬ የታወቁ አገሮች ናቸውና። እርስዋ ግን «የገበያው በርበሬ ነው እንጂ የእኔ እጅ ነው እንዴ?» ብላ ቋጠሮዋን አጠበቀች።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን የስንቅ ሕግ ነበራት። ያን ማታ ከምድጃው ዳር አስቀምጣ እንደ ዳዊት አስደገመችኝ። «የስንቅ ጠላቱ ሌባ አይደለም፥ እርጥበት ነው። ሁሉን ባንድ ቋጠሮ አታድርግ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፍሃል። የሚበላሸውን አስቀድመህ ብላ፥ የሚቆየውን አቆየው። ደግሞ የመጨረሻዋ እፍኝ እስክታልቅ አትቀመጥ፤ የመንገድህን አስቀርተህ ተነሥ።» እኔም «እሺ እማዬ» አልሁ፤ ልቤ ግን ከቡሬ ደርሶ ነበር።

በሶውና ድርቆሹ በሁለት የፍየል ቆዳ ስልቻ ተከቶ ነበር። ወንድሜ እስከ ዳገቱ ጫፍ ሸኝቶኝ ተመለሰ። እርሱ ከዓይኔ ሲሰወር እኔ ከጉያዬ አዲስ የማዳበሪያ ከረጢት አወጣሁ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በስልቻ ስንቅ ተሸክሞ ከተማ ሲገባ ታየኝና አፈርሁ። ስልቻዎቹን ገልብጬ፥ የሽሮውንና የበርበሬውን ቋጠሮ ጨምሬ፥ ሁሉንም ባንድ ከረጢት አደረግሁት። ስልቻዎቹንም አጣጥፌ ከሥሩ ቀበርኋቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳትገምቱ አልቀራችሁም። ክረምቱ ገና ስላልወጣ ከመንገዱ ላይ ያለው ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ ድንጋዩ አዳለጠኝና ከነከረጢቱ እስከ ወገቤ ተነከርሁ።

ያም ሆኖ ቡሬ እንደ ገባሁ ከረጢቱን ፈትቼ ባሰጣው ብዙው በተረፈ ነበር። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ በዚያች ጠባብ ክፍል አብረውኝ የተከራዩት ልጆች በሶ ሲሰጣ እንዳያዩብኝ ፈራሁ። ከረጢቱን ከአልጋው ሥር ወሸቅሁት። በአራተኛው ቀን ብፈታው በሶው ተጋግሮ፥ ድርቆሹ ሻግቶ፥ በርበሬውና ሽሮው ተደባልቆ ባንድ ቀለም ቆየኝ። የአንድ ወር ቀለቤ ነበረ።

ለማንም ሳልናገር ሦስት ቀን በቆሎ እሸት ዋልሁ። በመጨረሻ የቋሪት ልጅ የሆነ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ነገሩ ገባውና ከራሱ በሶ በጠበጠልኝ። የእርሱ ስልቻ በግልጥ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። «በስልቻ ያፈረ በሆዱ ያፍራል» ብሎ ሳቀብኝ። ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ፥ ሌሊቱን በዘመድ ቤት አድሬ፥ ቅዳሜ እቤት ደረስሁ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ከረጢቱን አየች፥ እኔን አየች፥ ቅል ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ቅሉ የጎታውን መቀመጫ ሲፍቅ ከውጭ ሆኜ ሰማሁት። ያን ጊዜ ድምፁ ምን እንደሚል አላስተዋልሁም። እኔ የሰማሁት ሌላ ስንቅ እየተሰፈረልኝ መሆኑን ብቻ ነው።

ጣና ላይ መጠማት

ዓመታት አለፉ። ትምህርቴን ፈጽሜ በባሕር ዳር ከአንድ መሥሪያ ቤት በጸሓፊነት ተቀጠርሁ። በ1996 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል፥ ከሐይቁ በስተ ደቡብ ምዕራብ ወዳለችው ወደ ቁንዝላ ለጥቂት ቀን ሥራ ተላክሁ። ሥራው አለቀ፤ ወደ ባሕር ዳር የምትመለሰው የሞተር ጀልባ ግን እኔ ከሻይ ቤት ተቀምጬ ስጫወት ጥላኝ ሄደች። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሴ ነው። የመኪናውን መንገድ ጭቃ ይዞታል፤ የያዝኋቸው ሰነዶች ደግሞ በቀጠሮ የሚፈለጉ ነበሩ። በመጨረሻ እህል ጭነው ወደ ዘጌ የሚቀዝፉ አንድ ሽማግሌ ከነልጃቸው አገኘሁና ተለማምጬ ተሳፈርሁ።

የጣናን ታንኳ በፎቶግራፍ ያያችሁት ትኖራላችሁ። ከደረቀ ደንገል ይታሰራል፤ ደንገሉም ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል። በዚህ ጥበብ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌውም ከእነርሱ ወገን ነበሩ። ታንኳው ምስማርም ቅጥራንም የለውም። ውሃ እንዳይገባ አይከለክልም፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ ዕቃ የሚጫነው ከውስጡ በተነጠፈ ሌላ የደረቀ ደንገል ላይ ነው። ቀን በዋለ ቍጥር ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ማታ ከውሃ ወጥቶ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረግና ይንጠፈጠፋል። ካልደረቀ ይበሰብሳል። እናቴ ብታየው ኖሮ ታንኳውንም ከስንቅ ወገን ትቆጥረው ነበር።

ሽማግሌው ከመነሣታችን በፊት ዕቃዬን ተመለከቱ። አንድ ጥቅል ብስኩት፥ አንድ ጠርሙስ ለስላሳና የሰነድ ቦርሳ ይዤ ነበር።

«ውሃ ይዘሃል ልጄ?» አሉኝ።

«አያ፥ የምንሄደው በውሃ ላይ አይደለም እንዴ?» አልኋቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ከጭነታቸው መካከል ባዶ ስልቻ ፈልገው አወጡና «ወረቀቱን ከዚህ ክተተው» አሉኝ። ስልቻ! ከቡሬ መንገድ ጀምሮ ሸሽቼው የኖርሁት ስልቻ ጣና ላይ ጠብቆ ያዘኝ። አፍሬም ቢሆን ከተትሁት።

የእርሳቸውን ስንቅ ሳይ ግን እናቴ የሰነቀችላቸው መሰለኝ። በሶው ባንድ ስልቻ፥ ቆሎው በሌላ፥ ጨውና ሚጥሚጣው በትንንሽ ቅል፥ ክብሪቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሌላ ቅል ውስጥ ነበረ። አምስት የዘጌ ሎሚ፥ የዓሣ መንጠቆና ክር ነበራቸው። ከታንኳው ኋላ ደግሞ አንድ እስር ደረቅ ደንገልና ጥቅል ገመድ ታስሮ ነበር። «ይህ ለምንድን ነው?» ብላቸው «ታንኳው መንገድ ላይ ቢፈታ ቁንዝላ ተመልሼ ልገዛ ነው?» አሉኝ።

በማለዳ ሐይቁ እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ ሳለ ጉዞ ጀመርን። ረፋዱ ላይ ለስላሳዬ አለቀች፤ ብስኩቱ ደግሞ ጥማቴን አባሰው። ቀትር ሲሆን ጕሮሮዬ ደረቀ። እጄን ወደ ሐይቁ ሰድጄ ልጠልቅ ስል ውሃው እንደ ጠላ አተላ ቀልቶ አየሁት። ግልገል ዓባይ ከሚገባበት ስፍራ ደርሰን ኖሯል። ወንዙ ክረምቱን ሙሉ ያጠበውን አፈር ይዞ እየመጣ ከሐይቁ ይዘረግፋል፤ ዓይን እስከሚደርስ ድረስ ውሃው ቡናማ ነው።

«አገርህ የት ነው?» አሉኝ ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን ሳያቆሙ።

«ሰከላ። ግሽ ዓባይ።»

«እንግዲያውማ የቤትህ ውሃ ነው! ጠጣ እንጂ ምን ያሳፍርሃል?»

ልጃቸው ከሣቁ የተነሣ ቀዘፋውን አቋረጠ። እኔም መሣቅ ነበረብኝ፤ ምላሴ ግን ከላንቃዬ ተጣብቆ ነበር። ሽማግሌው እስኪበቃቸው ከሣቁ በኋላ ንጹሕ ውሃ የሞላበት ትልቅ ቅል ከደንገሉ ሥር አውጥተው አቀበሉኝ። ጠዋት ከጥልቁ ውሃ ሞልተውት ነበር፤ የወንዙ አፍ በዚህ ወር እንደማይጠጣ ያውቃሉና።

ያን ውሃ እየጠጣሁ ቡናማውን ሐይቅ ተመለከትሁ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ግንድ ብቻ ይዞ ቢዞር ምን በከፋ! የያዘው የእኛን ቁልቁለት አፈር ነው። ምናልባትም የእናቴን የገብስ ማሳ ጥቂት ነገር ከዚያ ውስጥ ነበረበት። እርሱ ከእኛ ስንቁን ይዞ ይወርዳል፤ እኛ ከእርሱ ውሃ እንኳ ቋጥረን አናስቀርም ብዬ አሰብሁ።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉ በታንኳው ላይ እየተንጠባጠበ ልብሴንም፥ የተረፈውን ብስኩትም አራሰው። ሽማግሌው ወዲያው ወደ ዳር አወጡንና ሌሊቱን በዚያ አደርን። ልጅየው አንድ ቀረሶ አጠመደ፤ ሎሚ ጨምቀንበት በላን። በማግሥቱ ዘጌ ስንደርስ ስልቻውን ፈታሁት። ሰነዶቹ አንድ ጠብታ አልነካቸውም ነበር።

ብቻውን የተጓዘ ማን ነው?

ከዚያ ወዲህ በባሕር ስለሚጓዙ ሰዎች ስንቅ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቍጥር ማንበብ ልማድ ሆነብኝ። በመጀመሪያ ያነበብሁት የጆሹዋ ስሎከምን ታሪክ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሚያዝያ 1895 ከቦስተን ተነሥቶ፥ 11 ሜትር ያህል በምትረዝመው ባለ ሸራ ጀልባው ብቻውን ዓለምን ዞሮ በሰኔ 1898 አሜሪካ ተመልሷል። እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው፤ የተጓዘውም 46,000 ማይል ነበረ። ጀልባይቱ ከሜዳ ላይ ወድቃ የቆየች አሮጌ ነበረች፤ እንጨቷን አንድ ባንድ እየለወጠ በገዛ እጁ አደሳት። ስለዚህ መንገድ ላይ ስትጎዳበት የሚያበጃትም እርሱ ነበረ። የሽማግሌውን ትርፍ ደንገል ያስታውሷል።

ስሎከም ስንቁን እንዴት እንዳገኘ ማንበብ ደስ ይላል። ሌሊት በራሪ ዓሦች ከጀልባው ላይ ይወድቃሉ፤ ጠዋት ለቁርስ ይጠብሳቸዋል። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ከጠረፍ ወድቆ ያገኘውን በበርሜል የታሸገ ሞራ ጭኖ፥ ሁዋን ፈርናንዴዝ ከምትባለው ደሴት ሲደርስ ለሰዎቹ በሞራ የሚጠበስ ጣፋጭ ዳቦ መጋገር አስተማራቸውና ሞራውን ሸጠላቸው። ይሁን እንጂ እርሱም እንደ እኔ ሞኝነት አላጣም። አዞርስ ከተባሉት ደሴቶች ሲነሣ የሰጡትን ፍሬና ነጭ አይብ ባንድ ላይ አብዝቶ በላና በማዕበል መካከል ሆዱን አሞት ከወለሉ ላይ ተዘረረ። በቅድስት ሄለና ደሴት ደግሞ ፍየል ሸለሙት፤ ፍየሏም የባሕር ካርታውን በላችበት። እኔ በስልቻው አፍሬ ተጐዳሁ፤ እርሱ ደግሞ ስልቻ ሊሆን የሚገባውን ቆዳ በሕይወቱ ጭኖ ተጐዳ።

ሌላው ሮቢን ኖክስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በሰኔ 1968 ከእንግሊዝ ተነሥቶ የትም ወደብ ሳይገባ፥ ከማንም ዕቃ ሳይቀበል፥ በ312 ቀን ዓለምን ዞሮ በሚያዝያ 1969 ተመለሰ። መንገድ ላይ የያዘው የመጠጥ ውሃ ተበላሸበት፤ ከሸራው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ እያጠራቀመ ጠጣ። ዓባይ ልጁን ከማስጠማቱ በፊት ባሕርም ልጆቹን ሲያስጠማ ኖሯል ማለት ነው።

እነዚህ መርከበኞች የሚከተሉትን ደንብ ሳነብ አንዳንዴ የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል። የቆርቆሮ ምግብ ሲጭኑ ወረቀቱን ልጠው ስሙን በቀለም ይጽፉበታል፤ በባሕር እርጥበት ወረቀቱ ተልጦ ሲወድቅ በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ አይታወቅምና። ውሃውን በአንድ ታንክ ሳይሆን ከፋፍለው ይይዛሉ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ ሁለት ሊትር ያህል ይቆጥራሉ። መንገዱ 20 ቀን ይፈጃል ብለው ካሰቡ የ30 ቀን ስንቅ ይጭናሉ። የመንገድህን አስቀርተህ ተነሥ ማለት ይህ አይደለምን?

አንድ ነገር ግን ከእናቴ ሕግ ይልቅ የሽማግሌው ሎሚ አስተማረኝ። በጥንት ዘመን መርከበኞች ደረቅ ስንቅ ብቻ እየበሉ ወራት ሲቆዩ ድዳቸው እየደማ፥ ጥርሳቸው እየረገፈ ይሞቱ ነበር። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ የመርከብ ሐኪም 12 በሽተኞችን ለሁለት ለሁለት ከፍሎ ልዩ ልዩ ነገር ቢሰጣቸው፥ በቀን ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ በስድስት ቀን ያህል ውስጥ ብድግ አሉ። ይሁንና የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂን ለመርከበኞቹ ማደል የጀመረው ገና በ1795 ነው። እናንተም በሽሮ ብቻ ወር የምትገፉ ተማሪዎች፥ ከሳምንቱ ገበያ ጎመንና ቃሪያ መግዛትን አትናቁ።

ወደ ራሳችን ወንዝም ልመለስ። በ1903 ደብልዩ ኤን ማክሚላን የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ ለዓባይ ብሎ ያሠራቸውን ጀልባዎች ይዞ ወደ ወንዙ ገባ፤ ጕዞው ገና ከመጀመሩ ጀልባዎቹ ተሰባብረው ቀረ። በ1968፥ ኖክስ ጆንስተን ባሕር ላይ በነበረበት በዚያው ዓመት፥ ሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመሩት የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችና ሊቃውንት ቡድን የዓባይን ሸለቆ በጀልባ ወረደ፤ ከሰማይ አውሮፕላን ስንቅ ያቀብላቸው ነበር። እንዲያም ሆኖ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ እኔ በጣና በተጠማሁበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ከግሽ ዓባይ ተነሥተው፥ በ114 ቀን ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው ሜዲትራኒያን ባሕር ደርሰዋል። እኔ ከዚያው ምንጭ ተነሥቼ ዘጌ ለመድረስ የሰው ቅል አስፈልጎኛል።

ይህን ሁሉ አንብቤ የደረስሁበት አሳብ አንድ ነው። ራስን መቻል ማለት ከሰው አለመቀበል ማለት አይደለም። ስሎከም ብቻውን ተጓዘ ይባላል፤ ነገር ግን በየወደቡ የሰጡትን ይዞ ነው። ኖክስ ጆንስተን ከማንም ሳይቀበል ዞረ ይባላል፤ ከመነሣቱ በፊት ግን ጀልባዋ በሰው እጅ የታሸገ ቆርቆሮ ሞልታ ነበረች። ራሱን የቻለ ሰው ማለት የተሰጠውን የሚቆጥር፥ እንዳይረጥብ የሚጠብቅ፥ ሲቀደድ የሚሰፋ፥ ከማን ጎታ እንደ ወጣ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን የመጨረሻውን ለማወቅ እኔ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

የጎታው ድምፅ

ከጥቂት ዓመት በፊት ለበዓል ወደ መንደራችን ሄጄ ታላቅ እኅቴ ጋር ስንጫወት ያን የሻገተ ከረጢት እያነሣሁ ሣቅሁ። እኅቴ ግን አልሣቀችም። «አንተ ያን ቅዳሜ ይዘህ የሄድኸው የቀረውን ነበረ» አለችኝ። ጊዜው መስከረም ነው፤ አዲሱ ገብስ ገና አልደረሰም፤ የአሮጌው ማብቂያ ነበረ። እናቴ ከዚያ በኋላ አዝመራው እስኪደርስ ድረስ ለሌሎቹ የተገኘውን እያቀረበች እርስዋ በጎመንና በድንች ከርማለች። ያ ቅሉ የጎታውን መቀመጫ ሲፍቅ የሰማሁት ድምፅ ይኸው ኖሯል። ስንቅ ከአንዱ ትሪ ካልተነሣ በሌላው ስልቻ እንደማይገባ ያን ዕለት አወቅሁ።

በማግሥቱ ወደ ምንጩ ወረድሁ። የቅዱስ ሚካኤልና የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ቤተ ክርስቲያን ባለበት በዚያ ስፍራ አንድ የታወቀ ታሪክ ይነገራል። አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጥተው ሄዱ፤ ተመልሰው ሲጠይቁት ውሃው መጻሕፍቱን ሳይረጥቡ መለሰላቸው ይባላል። ይህን ታሪክ በልጅነቴ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ያን ዕለት ግን እናቴና ሽማግሌው ታንኳ ቀዛፊ ትዝ አሉኝ። አደራ ማለት የተሰጠህን ነገር በውሃ መካከል ሳይረጥብ መመለስ ከሆነ፥ እኔ የእናቴን ገብስ አርጥቤ ነበር የመለስሁት።

እናቴ በሕይወት አለች፤ አርጅታለች። ባለፈው ዓመት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ስንቋን የቋጠርሁላት እኔ ነኝ። በሶ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ሽሮና በርበሬ ለየብቻ አደረግሁ። ስልቻ ባቀርብላት እንደ አባቷ አፈረችና ክዳን ያለው የላስቲክ ዕቃ መረጠች። አልተከራከርኋትም፤ እርጥበት ካላስገባ ምን ከፋኝ? የአያቷን ሕግ ግን አስደገምኋት፤ በመጨረሻዋም ላይ ጥቂት ለውጥ አደረግሁ፦ «የመጨረሻዋ እፍኝ ሳታልቅ ደውዪ» አልኋት።

በሳምንቱ እናቴ ደወለች። የልጅቱን ጤና ትጠይቀኛለች፥ ትምህርቱን ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ከሁሉ አስቀድማ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«ድርቆሹ በደንብ ደርቆ ነበር ወይ?»